ከሌላ ግዛት ሆኖ አቅምን ያገናዘበ የግል ዩኒቨርሲቲ ማግኘት፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የአሠራር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት የሚዘጋጅ ሐበሻ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ምክር የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ነው፤ ምክሩም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «በምትኖሩበት ግዛት ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሻላችኋል፤ የግል የሚባለውን አትጠጉት።» ልጁ በሚኖርበት ግዛት ለሚማር ተማሪ ይህ ምክር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ተማሪው ወደ ሌላ ግዛት መሄድ ሲፈልግ ወይም ቤተሰቡ በቅርቡ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላው ተዛውሮ ገና እንደ ነዋሪ ሳይቆጠር ሲቀር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ሁኔታ ለገጠማቸው ቤተሰቦች ነው።

የሒሳቡ መነሻ ቀላል ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በግዛቱ ግብር ከፋዮች ገንዘብ ስለሚደጎም ከሌላ ግዛት የመጣን ተማሪ በአማካይ ከሁለት እጥፍ በላይ ያስከፍላል፤ የግል ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪው ከየትኛውም ግዛት ቢመጣ የሚጠይቀው ክፍያ አንድ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ለ2024-25 የትምህርት ዘመን ባወጣው አኀዝ መሠረት የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አማካይ የትምህርት ክፍያ ለግዛቱ ነዋሪ 11,610 ዶላር፣ ከሌላ ግዛት ለመጣ 30,780 ዶላር ሲሆን፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ 43,350 ዶላር ነው። ምግብና መኖሪያ በዚህ ውስጥ አልተካተተም። ሦስተኛው ቁጥር ከሁለተኛው ጋር ሲነጻጸር አሁንም ያስፈራል፤ ነገር ግን የግል ዩኒቨርሲቲ የሚለጥፈው ዋጋና አብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው ዋጋ የተለያዩ ናቸው። የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች የፋይናንስ ኃላፊዎች ብሔራዊ ማኅበር ባደረገው ጥናት፣ በ2023-24 የግል ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከለጠፉት የትምህርት ክፍያ በአማካይ 56 በመቶ ያህሉን በራሳቸው ስኮላርሺፕና ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ቀንሰዋል። ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ተማሪ እንዲህ ያለ ቅናሽ የሚያደርጉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሥራው የተለጠፈውን ዋጋ አልፎ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ማወቅ ሲሆን፣ ይህንንም ከማመልከቻው በፊት ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፦ የነዋሪነትና የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን ያረጋግጡ

አብዛኞቹ ግዛቶች ተማሪን እንደ ነዋሪ ቆጥረው በኢን-ስቴት ዋጋ የሚያስተምሩት ቤተሰቡ ቢያንስ ለ12 ወራት በግዛቱ ከኖረና ኑሮውን እዚያ ማድረጉን በታክስ፣ በመንጃ ፈቃድና በመሳሰሉት ካረጋገጠ ነው። የእኅቴ ልጅ ይህን ያወቀችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጀመረች በኋላ ነበር። አባቷ ሥራ ቀይሮ ቤተሰቡ በክረምቱ ከዳላስ ወደ ሜሪላንድ ሲዛወር፣ በቴክሳስ ነዋሪነታቸውን ሊያጡ ተቃረቡ፤ በሜሪላንድ ደግሞ ገና አልተቆጠሩም። በሁለቱም በኩል ጥያቄ ውስጥ የማይገባው የግል ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። የእርስዎም ሁኔታ እንዲህ ከሆነ በቅድሚያ የመንግሥቱን ዩኒቨርሲቲ የነዋሪነት መሥፈርት አንብበው ልጁ ትምህርት በሚጀምርበት ቀን 12 ወሩ ይሞላ እንደሆነ ያስሉ፤ የሚሞላ ከሆነ ኢን-ስቴት አማራጩን ሳያጣሩ አይተዉት።

የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙት ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ በስደተኛነት የገቡና ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸው ናቸው። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በመታየት ላይ ያለ ተማሪዎች የፌዴራል ግራንትም ሆነ ብድር አያገኙም፤ ይሁንና አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ከራሳቸው ገንዘብ ይረዳሉ፤ ስለሆነም የፊናንሻል ኤይድ ቢሮውን በቀጥታ መጠየቅ ይገባል። ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ልጁ ብቁ ከሆነ ድጋፉን ማመልከት ይችላል። ይህን ባለማወቅ ብቻ ፎርሙን ሳይሞሉ የቀሩ ቤተሰቦችን አውቃለሁ።

ሁለተኛ፦ የትምህርት ቤት ስም ከማየትዎ በፊት ቁጥር ይወስኑ

ቤተሰቡ ተቀምጦ በዓመት ከኪሱ ሊያወጣ የሚችለውን ገንዘብ ይጻፍ። ይህ ገንዘብ ከደመወዝ በየወሩ የሚቀነሰው፣ ያለው ቁጠባና ልጁ በክረምት ሠርቶ የሚያመጣው ድምር ነው። አገር ቤት ለእናት ወይም ለእኅት ወንድም የሚላከው ገንዘብ እንዳይቋረጥ አብሮ ይታሰብ፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ወጪ ሳይቆጥር ተስማምቶ በሁለተኛው ዓመት ይቸገራል። በቁጥሩ ላይ ልጁ በስሙ ሊበደር የሚችለውን የፌዴራል ብድር ለየብቻ ያስቀምጡ፦ በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ሲሆን፣ የአራቱ ዓመት ድምር 27,000 ዶላር ይሆናል። ወለድ ያለበትን ብድር በሃይማኖት ምክንያት የማይወስዱ ቤተሰቦች ብድሩን እምቢ ብለው ግራንቱን ብቻ መቀበል እንደሚችሉ ይወቁ፤ አንዱን አለመቀበል ሌላውን አያስቀርም።

በወላጅ ስም የሚወሰደውን ፓረንት ፕላስ የተባለውን ብድር ግን ከእቅዱ ውጭ እንዲያደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ተገድቧል፤ ገደቡ እስከ መጨረሻው ከተነካ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላሉ ወላጆች ጡረታቸውን የሚበላ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፦ የግል ዩኒቨርሲቲዎችን በሦስት ቡድን ከፍለው ዝርዝር ያዘጋጁ

በመጀመሪያው ቡድን ያሉት ሀብታም ሆነው መግቢያቸው እጅግ ጠባብ የሆኑት ናቸው። አብዛኞቹ ለውጤት ብለው ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ነገር ግን ተማሪው ከገባ ቤተሰቡ መክፈል ያልቻለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ፕሪንስተን በ2001 በድጋፍ ማዕቀፉ ውስጥ ብድርን በግራንት በመተካት ቀዳሚ ሆነ፤ ከ2025-26 ጀምሮ ደግሞ ገቢያቸው እስከ 150,000 ዶላር የሆነ አብዛኞቹ ቤተሰቦች ምንም አይከፍሉም። ኤምአይቲ ከ2025 መኸር ጀምሮ ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር በታች ለሆነና ንብረታቸው የተለመደው መጠን ለሆነ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያውን ትቷል። ሂዩስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ አሠራር አለው። መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ጎበዝ ልጅ ካለው እነዚህን «የሀብታም ትምህርት ቤት» ብሎ መተው ትልቅ ስህተት ነው። ገቢያቸው ከ65,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰቦች ልጆች ኩዌስትብሪጅ በተባለው ፕሮግራም በኩል ለብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ማመልከት ይችላሉ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ዝግጅቱ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው ቡድን ሰፊው ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብም መፍትሔ የሚያገኘው እዚህ ነው። ስማቸው እምብዛም የማይጠራ፣ መካከለኛ መጠን ያላቸው፣ ጥሩ ተማሪ ለመሳብ ሜሪት (በውጤት ላይ የተመሠረተ) ስኮላርሺፕ የሚሰጡ የግል ኮሌጆች ናቸው። የልጁ ውጤት ከኮሌጁ ተማሪዎች ከፍተኛው አንድ አራተኛ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ የቅናሹ ዕድል ይጨምራል፤ ብዙዎቹም በጂፒኤ (በአማካይ የትምህርት ውጤት) ላይ ብቻ ተመሥርተው የሚሰጡትን ገንዘብ በሠንጠረዥ ያወጣሉ። በዚህ ቡድን ውስጥ ከታሪካዊ የጥቁር ኮሌጆች (ጥቁር አሜሪካውያንን ለማስተማር ከተቋቋሙት) የግል የሆኑትን ማየት ይገባል። በ1867 የተቋቋመው ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የግል በመሆኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያም ሆነ ከአትላንታ ለሚመጣ ተማሪ የሚለጥፈው ዋጋ አንድ ነው። ኒው ኦርሊንስ የሚገኘው፣ በ1925 የተመሠረተው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ዛቪየር ደግሞ ፋርማሲና ሕክምና ለሚያስቡ ተማሪዎች የታወቀ ነው፤ ይህ የብዙ ሐበሻ ወላጅ ምኞት ስለሆነ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው ቡድን ጥቂቶችን የያዘ ነው፦ ከመነሻው የትምህርት ክፍያ የማይጠይቁ ወይም ዝቅተኛ ዋጋ የሚለጥፉ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። የሚቀበለው ግን ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሲሆን፣ አብዛኞቹም አፓላቺያ ከተባለው ተራራማ አካባቢ ናቸው። ኒው ዮርክ ያለው ዌብ ኢንስቲትዩት ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ተማሪዎቹ ሁሉ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ የሚያስተምረው ግን የመርከብ ምሕንድስና ብቻ ነው። ሥራ እየሠሩ ለሚማሩ ጎልማሶች በ1997 በ19 ገዥዎች ተባባሪነት የተቋቋመው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ትምህርቱ በኦንላይን ሲሆን ክፍያውም በስድስት ወር የተወሰነ ነው፤ ተማሪው በዚያ ጊዜ የቻለውን ያህል ኮርስ ይወስዳል።

ከእነዚህ ሌላ ወላጅ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ሳይዘገይ የሰው ኃይል ቢሮውን ይጠይቅ። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው ልጆች የትምህርት ክፍያ ይተዋሉ፤ ቱዊሽን ኤክስቼንጅ በሚባለው ትስስር አማካይነት ደግሞ ልጁ በሌላ ግዛት ባለ አባል ኮሌጅ ሊማር ይችላል። መብቱ የቢሮ ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ በምግብ ቤትና በጽዳት የሚሠሩትም በዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የተቀጠሩ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ይካተታሉ። በኮንትራክተር በኩል የሚሠሩት፣ በተለይ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ አብዛኛውን ጊዜ አይካተቱም። መብቱን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንደሚያስፈልግም ይጠይቁ፤ መብቱ የሚጀምረው ከተወሰነ የአገልግሎት ዘመን በኋላ ሊሆን ይችላል።

የመካከለኛው ምዕራብ ነዋሪዎች፣ ለምሳሌ ሚኒሶታና ኦሃዮ ያሉ፣ የአካባቢው ግዛቶች ባቋቋሙት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ የግል ኮሌጆች ከትምህርት ክፍያው 10 በመቶ እንደሚቀንሱላቸው ይወቁ። ቅናሹ ትንሽ ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግን ከኢን-ስቴቱ ዋጋ ከ150 በመቶ በላይ ስለማያስከፍሉ ከግሉ ጋር አወዳድሮ ማየት ይገባል።

አራተኛ፦ የእያንዳንዱን የተጣራ ዋጋ ያስሉ

የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ማንኛውም ኮሌጅ ከ2011 መኸር ጀምሮ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባለውን ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ ይገደዳል። የቤተሰቡን የታክስ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ፤ በዝርዝሩ ላለ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ይሙሉ፤ ውጤቱን በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ጥያቄው አምስትና ስድስት ብቻ ከሆነ ግምቱ ሻካራ ነው፤ ጂፒኤና የቤት ዋጋ ድረስ የሚጠይቅ ከሆነ የበለጠ ያስተማምናል።

ለራሳቸው ለሚሠሩ ቤተሰቦች፣ ማለትም ለኡበርና ለታክሲ ሹፌሮች፣ ለትራክ ባለቤቶች፣ ለትንንሽ ሱቅ ባለቤቶች፣ ማስያው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ምክንያቱ በታክስ ወረቀቱ ላይ የሚታየው የተጣራ ትርፍ ሲሆን፣ አንዳንድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን እንደ ተሽከርካሪ እርጅና ተቀናሽ ያሉትን ወጪዎች መልሰው ገቢ ላይ ይደምራሉ። በታክስ ላይ 38,000 ዶላር ገቢ ያሳየ የትራክ ባለቤት በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ 60,000 ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ያለዎት ከሆነ ለፊናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውለው «የእርጅና ተቀናሽን መልሳችሁ ገቢ ላይ ትደምራላችሁ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ከማስያው በተጨማሪ የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ድረ ገጽ አለው። በዚያ ላይ ተማሪዎች የከፈሉት አማካይ ዋጋ በቤተሰብ ገቢ ተከፋፍሎ ይገኛል፦ እስከ 30,000፣ እስከ 48,000፣ እስከ 75,000፣ እስከ 110,000 እና ከዚያ በላይ። የራስዎን ረድፍ ይመልከቱ፤ አጠቃላዩን አማካይ ይተዉት። በዚያው ገጽ ላይ የሚመረቁትን መቶኛ ያንብቡ፤ ከተማሪዎቹ ከግማሽ በታች የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት በርካሽ ዋጋ ቢያስገባም ልጁ አምስተኛና ስድስተኛ ዓመት ከፍሎ ወይም ሳይመረቅ ሊቀር ስለሚችል ርካሽ አይባልም።

አምስተኛ፦ የግዛት ድንበር የሚያስከፍልዎትን ይቁጠሩ

የግል ዩኒቨርሲቲ ዋጋ ድንበር ባያውቅም ቤተሰቡ ድንበር ሲሻገር የሚያጣቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉም በፊት የግዛት ግራንት አለ። የካሊፎርኒያ ካል ግራንት፣ የጆርጂያ ሆፕ፣ የቴክሳስ የግል ኮሌጅ ማመጣጠኛ ግራንት፣ የቨርጂኒያም ተመሳሳይ ድጋፍ የሚሠሩት ልጁ በዚያው ግዛት ሲማር ብቻ ነው፤ በግዛቱ ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅም ይሠራሉ። ስለዚህ ቨርጂኒያ የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ተመጣጣኝ የግል ኮሌጆች፣ አንዱ ሪችመንድ ሌላው ፊላዴልፊያ፣ ካሉት የሪችመንዱ ይህን ግራንት ይጨምርለታል። የዲሲ ነዋሪዎች በተቃራኒው የተለየ ዕድል አላቸው፤ ከተማዋ ያላት የትምህርት ድጋፍ በመላ አገሪቱ ባሉ የግል ታሪካዊ የጥቁር ኮሌጆችና በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የግል ኮሌጆች ይሠራል።

ከዚያ የጤና መድኅን አለ፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእኅቴ ልጅ ቤተሰብ የተጎዳው በዚህ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድኅን፣ ሜዲኬይድ፣ የአንድ ግዛት መድኅን በመሆኑ በሌላ ግዛት ከድንገተኛ ሕክምና በቀር አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪው በአካባቢው የሚሠራ መድኅን ከሌለው የራሱን መድኅን ያስገዛዋል፤ ዋጋውም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በድጋፍ ደብዳቤው ላይ ያልነበረ ከ3,000 ዶላር በላይ በኦገስት ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ሲመጣ፣ እናቷ ለዓመት የቆጠበችውን የዕቁብ ዕጣ ከፍላ ዘጋችው። ዩኒቨርሲቲውን ከመምረጥዎ በፊት «ከሌላ ግዛት ሜዲኬይድ ያለው ተማሪ መድኅን ይገዛ ዘንድ ይገደዳል ወይ? ዋጋው ለድጋፍ ስሌት ውስጥ ይገባል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንዶቹ ከጠየቋቸው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ይሸፍናሉ።

ቀጥሎ ጉዞ ነው። በዓመት ቢያንስ ሁለት ደርሶ መልስ ይቁጠሩ፤ በበዓል ወቅት ዶርሙ የሚዘጋ ከሆነም ልጁ የት እንደሚያርፍ ያስቡ። ፈረንጆች ገናን ሲያከብሩ ዶርም መዘጋቱን የሚያውቁት ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ከሆነ ቲኬቱ እጥፍ ሆኗል።

ነርስነት፣ ፋርማሲ ወይም መምህርነት ለሚማር ልጅ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ፕሮግራሙ ልጁ ተመልሶ ሊሠራበት በሚፈልገው ግዛት የፈቃድ መሥፈርት ያሟላል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ስድስተኛ፦ ትምህርት ቤቱ ዕድሜ ያለው መሆኑን ያጣሩ

ቅናሽ የሚሰጥ ትንሽ ኮሌጅ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በ1856 የተመሠረተው በርሚንግሃም-ሳውዘርን ኮሌጅ በሜይ 2024 ተዘግቷል፤ ፊላዴልፊያ የነበረው የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ መዘጋቱን ካስታወቀ በሳምንት ውስጥ በጁን 2024 በሩን ዘጋ። ለትርፍ ከተቋቋሙት ዘንድ ኮሪንቲያን በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 ተማሪዎቻቸውን ሜዳ ላይ ጥለዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ መሆኑን፣ በፌዴራል መንግሥት የታወቀ የእውቅና ሰጪ ድርጅት ያጸደቀው መሆኑን፣ እንዲሁም የፌዴራል ትምህርት መሥሪያ ቤት ለግል ኮሌጆች የሚሰጠውን የፋይናንስ ጤና ነጥብ ይመልከቱ። ነጥቡ ከአሉታዊ 1 እስከ 3 ሲሆን፣ 1.5 እና ከዚያ በላይ ማለፊያ ነው። በተከታታይ ዓመታት የተማሪው ቁጥር እየቀነሰ የመጣ ኮሌጅ ትልቅ ቅናሽ ሲያቀርብ ደስታው ከጥያቄ ጋር ይሁን።

ሰባተኛ፦ ፎርሞቹን በጊዜ ይሙሉ

ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም ነጻ ነው፤ በአብዛኛው በኦክቶበር 1 ቀን ይከፈታል፤ የሚጠቀመውም የሁለት ዓመት በፊት ገቢን ነው፤ ለ2026-27 የ2024 ታክስ ማለት ነው። ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት አይክፈሉ። ተማሪውና መረጃ የሚሰጠው ወላጅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለያ መክፈት አለባቸው፤ አንዱ የሌላውን አይጠቀም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራሉ የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን ለ2025-26 7,395 ዶላር ነው።

ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የኮሌጅ ቦርድ ፎርም ይጠይቃሉ። ክፍያ አለው፤ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች ግን ነጻ ነው። ፎርሙ ከፋፍሳ የበለጠ ጥብቅ ነው፤ ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ብዙ ኮሌጆች የሁለቱንም ገቢ ይጠይቃሉ። በሌላ በኩል ኮሌጅ ውስጥ ያለ ሌላ ወንድም ወይም እኅት ካለ፣ ፋፍሳ ከ2024-25 ወዲህ ይህን ባይቆጥርም፣ ሲኤስኤስን የሚጠቀሙ ብዙ ኮሌጆች አሁንም ያስቡታል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ከተማ ያለ በስምዎ የተመዘገበ ቤት፣ ቤተሰቡ የሚኖርበት ዋና ቤት ስላልሆነ፣ እንደ ንብረት መገለጽ አለበት። ያለውን ዋጋ በወቅቱ ምንዛሪ አስልተው ይጻፉ። እናት እየኖረችበት ከሆነና ሊሸጥ የማይችል ከሆነ ይህንኑ በደብዳቤ ያስረዱ፤ ሲኤስኤስ ለልዩ ሁኔታ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ለወላጆች በየወሩ የሚላከው ገንዘብም በዚያው ቦታ የዓመቱ ድምርና የመላኪያ ደረሰኙ ተጠቅሶ ይጻፍ። ቢሮው የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ካልተነገረው ግን ሊያስበው አይችልም።

ስለ ማመልከቻው ዓይነት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ተማሪውን ያስራል፤ ከተቀበሉት የሌሎቹን ዋጋ ሳያወዳድር መግባት አለበት። ዋጋ የሚወስንበት ቤተሰብ፣ ማስያው ያሳየው ቁጥር በግልጽ የሚበቃው ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ ይራቅ። ኧርሊ አክሽን ግን አያስርም፤ ሜሪት ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ብዙ ኮሌጆች ቀድሞ ላመለከተ ስለሚያደሉ ይጠቀሙበት።

ስምንተኛ፦ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ያንብቡ

ደብዳቤዎቹ በማርች አካባቢ ሲመጡ እያንዳንዱ ኮሌጅ በራሱ መንገድ ይጽፋቸዋል። በእኅቴ ቤት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ዘርግተን በቀይ እስክሪብቶ ያሰላነውን ቁጥሩን አጠጋግቼ ላሳይ። የመጀመሪያው ኮሌጅ ጠቅላላ ወጪ 68,000 ዶላር ነበር፤ 32,000 ስኮላርሺፕ፣ 11,000 የኮሌጁ ግራንት፣ 3,000 ፔል፣ 2,500 ወርክ ስተዲ፣ 5,500 ብድር አስቀምጦ «የሚቀርባችሁ 14,000» ይላል። ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪው 41,000 ነበር፤ 18,000 ስኮላርሺፕ፣ 3,000 ፔል፣ 5,500 ብድር ብሎ «የሚቀርባችሁ 14,500» ይላል። እናቷ የመጀመሪያውን መረጠች፤ ስኮላርሺፑም ትልቅ፣ የሚቀረውም ትንሽ መስሎ ነበርና።

ብድርንና ወርክ ስተዲን ሰርዘን እንደገና ደመርን። ብድር ይመለሳል፤ ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ በየሁለት ሳምንቱ የሚያገኘው ደመወዝ እንጂ ከሒሳቡ የሚቀነስ አይደለም። ስጦታ የሆነውን ብቻ ስንቀንስ የመጀመሪያው ኮሌጅ 22,000፣ ሁለተኛው 20,000 ሆነ። ከዚያ አራት ዓመቱን አሰላን። ስኮላርሺፑና ግራንቱ ባሉበት ሲቆዩ ወጪው በዓመት 4 በመቶ ቢያድግ፣ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያው ወደ 30,500፣ ሁለተኛው ወደ 25,100 ይደርሳል። የተለጠፈው ዋጋ ከፍ ያለበት ኮሌጅ ጭማሪውም ከፍ ስለሚል ልዩነቱ በየዓመቱ ይሰፋል። ልጅቷ አሁን በሁለተኛው ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷን ትማራለች።

ስለ እያንዳንዱ ስኮላርሺፕ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ለአራት ዓመት ይታደሳል ወይ? ለማቆየት ስንት ጂፒኤ ያስፈልጋል? ልጁ ከውጭ፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር፣ ሌላ ስኮላርሺፕ ቢያመጣ የኮሌጁ ግራንት ይቀነሳል ወይ? የምሕንድስና ተማሪ 3.5 ጂፒኤ አስጠብቆ እንዲቆይ የሚጠይቅ ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ብቻ እንደተሰጠ ቆጥሮ ማሰብ ጥንቃቄ ነው።

ዘጠነኛ፦ ይግባኝ ይበሉ

የድጋፉ መጠን በቂ ካልሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቢሮዎቹ የሚጠብቁት ነገር ነው። እኛ ባደግንበት ልማድ የተሰጠንን ተቀብሎ ማመስገን ይቀናናል፤ እዚህ ግን ዝም ያለ ቤተሰብ እንደ ረካ ይቆጠራል። ተማሪዋ ራሷ አጭር ደብዳቤ ትጻፍ፤ ለምን ያን ኮሌጅ እንደምትፈልግ፣ ቤተሰቡ በዓመት መክፈል የሚችለው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደተለወጠ ትግለጽ። ሥራ ማጣት፣ የሕክምና ወጪ፣ የገቢ መቀነስ ማስረጃ ያለው ከሆነ ይያያዝ። ከሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ደብዳቤ ካላት ቅጂውን ትላክ። የእኅቴ ልጅ በዚህ መንገድ ተጨማሪ 2,500 ዶላር አግኝታለች።

ውሳኔው በአብዛኛው እስከ ሜይ 1 ቀን ይጠበቃል፤ ይግባኙ መልስ ካላገኘ በጽሑፍ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ። ለኮሌጁ የቦታ ማስያዣ ተቀማጩን ከከፈሉ በኋላ የሚቀሩት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ አሁኑኑ ይጻፏቸው፦ የጤና መድኅን ማስቀሪያ ፎርሙ የሚዘጋበት ቀን፣ በአብዛኛው በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር የሚውለው፣ እና በሚቀጥለው ኦክቶበር ፋፍሳ እንደገና የሚሞላበት ቀን፤ ግራንቱ በየዓመቱ የሚታደሰው ፎርሙ በየዓመቱ ሲሞላ ነውና።